ስሟን ጠርተን፣ እሷን ሳንጠራ

በዚህች አገር እንደ ሰቆጣ ያለች ዕድለኛ ከተማ አላየሁም። ጎንደር ስሟ እንዲጠራ ግንብ ማቆም ነበረባት። ሐረር በጀጎል መታጠር ነበረባት። ደብረ ብርሃን እንኳ ብርድ ልብስ መሥራት ግድ ሆኖባታል። ሰቆጣ ግን ከአዲስ አበባ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ተራራዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ስሟ በየሆቴሉ አዳራሽ ይጠራል። በመክፈቻ ንግግር ይጠራል፤ ከሻይ እረፍት በፊት ይጠራል፤ ከሻይ እረፍት በኋላም ኩኪስ ባልተዋጠበት አፍ ይጠራል። ባነር ላይ አለች፣ ቦርሳ ላይ አለች፣ እስክሪብቶ ላይ አለች። አዳራሹ ውስጥ ብቻ የለችም።

ይህን እንደ ነቀፌታ የሚያይ ሰው አማርኛ አልገባውም። በአማርኛ ስምም ይጠራል፣ ሰውም ይጠራል። ሞኝ ደጋሽ ሁለቱን ያምታታና ስሙን ያነሣውን ሁሉ ድግሱ ላይ ካልጠራሁ ብሎ ይከስራል። የሠለጠነ አዘጋጅ ግን ስሟን ጠርቶ፣ እሷን ሳይጠራ፣ ጉባኤውን በሰላም ይዘጋል። ውሎ አበሉም፣ ትራንስፖርቱም፣ አስተርጓሚውም ይተርፋል።

ነገሩ ላልደረሰው ከሥሩ ልንገር። በ1977 ዓ.ም ረኀብ፣ ሰቆጣ ያለችበት አገር ዋግ የቀበረችውን ሰው ዘርዝሮ የሚጨርስ የለም። ያን ጊዜ ዓለም የሰማን በካሜራ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተደረገልን። ልክ በሠላሳኛው ዓመት፣ በዚያው በሐምሌ 6 ቀን፣ የዓለም መንግሥታት ለልማት የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ ብለው ለመምከር አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ከፈቱ። በዚያው ሰሞን መንግሥታችን አንድ ትልቅ ቃል ገባ፤ በፈረንጆቹ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ከኢትዮጵያ ምድር ማጥፋት። ረኀቡ ክፉኛ የጎዳትን ከተማ ለማሰብም ስሙ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በ1977 ፈረንጅ ዘፈነልን፤ በ2007 እኛው ለራሳችን ንግግር አደረግን። ዕድገት ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

ቃል ኪዳኑ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በተከዜ ተፋሰስ ዙሪያ በአማራና በትግራይ 40 ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ 240 ወረዳዎች እንዲሰፋ ተደርጓል። በፈረንጆቹ 2016 በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ከመቶ ልጆች 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ 41 ሆነ። አምስት ልጅ ቀላል አይደለም፤ አምስቱን እናቶች ጠይቋቸው። ክርክሬ ከሥራው ጋር ሳይሆን ከሥርዓተ ቅዳሴው ጋር ነው፤ ልጁ ሊለካ ሲገባው መድረኩ ከሚለካበት፣ ዜማው ሳይጎድል ቁርባኑ ከሚቀርበት ነገር ጋር።

ሥርዓተ ቅዳሴ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በካናዳ፣ በፈረንጆቹ 2015 የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሪፖርቱን ካወጣ ወዲህ፣ ስብሰባ ያለ ጸሎት አይከፈትም። ጸሎቱ እንዲህ የሚል ነው፤ ዛሬ የተሰበሰብንበት መሬት የእነ እገሌ ነባር ምድር መሆኑን እናውቃለን፣ እናከብራለን። በተለይ ስለ ጤና የሚሟገቱ ማኅበራት ይህን ሳይሉ ማይክ አይነኩም። ቶሮንቶ የምትኖር ዘመዴ የመጀመሪያውን ስትሰማ ከነነጠላዋ ብድግ ብላ ቆመች። «አባታችን ሆይ ሊደገም መስሎኝ ነዋ» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ከተባለ በኋላ ሁሉም ተቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ጉዳዩ ደግሞ መሬቱ አይደለም።

የቶሮንቶ መሬት ከሚሲሳጋ ሕዝብ የተወሰደው በ1787 በተጻፈ ውል ነበር፤ ኋላ ሲታይ ውሉ ባዶ ቦታ የተተወበት ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በ2010 ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በክርክርና በድርድር፣ በ145 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር። ባለመብቶቹን ዶላሩ ጋ ያደረሳቸው ወረቀት ይዘው መሟገታቸው ነው፤ ጸሎቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሄይደን ኪንግ የተባለ የአኒሺናቤ ሕዝብ ምሁርም ይህን የእውቅና ቃል ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ጽፎ ከሰጠ በኋላ በ2019 ወጥቶ መጻፉ እንደሚጸጽተው ተናገረ። ሰዉ አንብቦት ብቻ ቁጭ ይላላ!

ከዚህ ሁሉ የሚጥመኝ ግን የመስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም ነገር ነው። በዚያ ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ነባር ሕዝቦች መብት የወጣውን መግለጫ ሲያጸድቅ የተቃወሙት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ። ዛሬ በእውቅና ጸሎት ዓለምን የሚያስቀድሱት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ኢትዮጵያስ? ድምፅ ሲሰጥ ካልተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። ክፉ አንናገር፤ ቀኑን ልብ ብላችሁ እዩት። የሚሌኒየሙ ማግስት ነው። ጠላው ገና ከጋኑ አልወጣም ነበር።

እንግዲህ ይህ ጸሎት በፕሮጀክት ሻንጣ ተጭኖ ወደ እኛም እየገባ ነው፤ ስሙም «አካታችነት» ተብሏል። ቃል በቃል ብንገለብጠው ግን ጣጣ አለው። ካናዳ ላይ አንባቢው ኋላ የመጣው ነው፤ የሚነበብለት ቀድሞ የነበረው። እኛ ዘንድ ነባር ያልሆነ ማን አለ? «የዚህ መሬት ነባር ባለቤት» ብለህ ስብሰባ ክፈትና፣ ሻይ ሳይፈላ ሦስት ሰው እጁን ያወጣል፤ አራተኛው ሰባት ቤት ይቆጥርልሃል። «መጤ» የምትባለው ቃል በዚህች አገር ስንት ጎጆ እንዳቃጠለች ያየ ሰው ደግሞ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው ብሎ አይለብሳትም። ስለዚህ አዘጋጆቻችን ብልህ ናቸው። ማን ቀደመ የሚለውን ትተው፣ ማንም የማይጣላበትን ክፍል ብቻ ወሰዱ፤ ማንበቡን።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዋግ በዚህ የእውቅና ትምህርት ከማንም ቀድማለች። በ1262 ዓ.ም ገደማ ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ዙፋን ሲረከብ፣ ከአገው ነገሥታት ዘር ጋር ቃል ኪዳን እንደገባ የአገሩ ትውፊት ይናገራል። ዋግ ለነሱ ርስት ሆነች። የዋግሹምነት ማዕረግም ከነክብሩ ጸና፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወርቅ ሲቀመጥ ዋግሹሙ በብር ወንበር ይቀመጣል፣ ነጋሪቱም ይመታለታል። ምን ያህሉ ታሪክ፣ ምን ያህሉ ትውፊት እንደሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። ለእኔ የበቃኝ፣ ያኔ እውቅና ማለት ወንበር መሆኑ ነው። ስምህን ጠርቶ የሚያቆምህ የለም፤ ንጉሡ ከአጠገቡ ያስቀምጥሃል።

በእርግጥ ወንበር አደገኛ ዕቃ ነው። ከዚያው ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በብሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ወርቁን ማየት ይጀምራል ማለት ነው። የዛሬ አዘጋጆች ታሪክ አያነቡም ብሎ የሚያማቸው ይሳሳታል። ይህን አንብበው ነው ለዋግ ሰው የፕላስቲክ ወንበር የሚያዘጋጁት፤ ያውም ከበሩ አጠገብ።

ያየሁትን ልመስክር። አዘጋጆቹን ስማቸውን አልጠራም፤ ስም መጠራት ምን እንደሚያመጣ ከሰቆጣ ተምሬያለሁ። ወሩ ጥር፣ ቦታው አስፋልትና ሐይቅ ያለው ከተማ፣ ርእሱ «አካታች የሥርዓተ ምግብ ንቅናቄ»። ባነሩ ላይ «ዋግ ህምራ» ይላል፤ ፕሮግራሙ ላይ «ዋግ ሃምራ»፤ በታደለን ቦርሳ ላይ «ዋግ ሕምራ»። ኽ የምትባለው ፊደል ሦስቱም ቦታ አልተጋበዘችም። በነጋታው በእንግሊዝኛው ሪፖርት ላይ የሰቆጣ ቀ በየትኛው የላቲን ፊደል ይጻፍ የሚል ክርክር ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት በላ። ክርክሩ እጅግ አሳታፊ ነበር።

መክፈቻው ላይ ሻደይ ተጠራ። ሻደይ ነሐሴ 16 የሚገባ የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ግን አካታችነት ወር አይመርጥም። ልጆቹ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ፣ ከበሮው ተመታ፣ እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ፣ ልጆቹ ወጡ። ወዲያው «ያለ ዕድሜ ጋብቻና የልጃገረዶች ሥርዓተ ምግብ» የሚል ጽሑፍ ቀረበ። አቅራቢው ከረቫቱን አስተካክሎ፣ ልጃገረዶች በውይይቱ እንዲሳተፉ አጥብቆ አሳሰበ። ልጃገረዶቹ በዚያ ሰዓት ከግቢው ውጭ ሚኒባስ እየጠበቁ ነበር።

ምሳ ላይ ግን አካታችነቱ ሙሉ ነበር። ጥብሱ የአበርገሌ ፍየል ነው ተባለ፤ ማሩ የዋግ ማር ነው ተባለ። ከዋግ የመጣ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አግኝቷል፤ ከሰው በቀር።

ሰው የለም አልኩ እንጂ አንዲት እናት ነበሩ። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ይላል፤ ስማቸውን አይልም። ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ከምሳው ጋር በሚታገልበት ሰዓት፣ የመድረኩ መሪ ጠራቸው።

«እማማ፣ እስቲ በሁለት ደቂቃ ተሞክሮዎን ያካፍሉን።»

እማማ በኽምጣኛ ጀመሩ። አዳራሹ ለእንግሊዝኛና ለአማርኛ የጆሮ ማዳመጫ ነበረው፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ነበር፤ ኽምጣኛ የሚችል ግን አልነበረም። ተሯሩጠው ከመኪና ማቆሚያው አንድ ሾፌር አመጡ። እማማ ረጅም ተናገሩ። ሾፌሩ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ውሃ ነው የሚሉት» አለ።

«ሌላውስ?»

«ሌላውም ውሃ ነው። ሩቅ ነው ነው የሚሉት።»

«ስለ አመጋገብ ምንም አላሉም?»

«ብለዋል። ካሮት ከገንፎው ጋር ቀቅዪ ብላችሁ ያስተማራችሁኝን ካሮቱን በምን ልጠበው ብለዋል።»

ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ «የማኅበረሰቡ ግብዓት ተወስዷል» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልጻፈም፤ መወሰዱ ተወስዷል። እማማም በአውራ ጣታቸው ፈርመው ውሎ አበላቸውን ተቀበሉና ወደ ፕላስቲክ ወንበራቸው ተመለሱ።

ስብሰባው ለምን ሰቆጣ አልተደረገም ብዬ ከአዘጋጆቹ አንዱን ጠየቅሁት። አዘነልኝ። «አስበነው ነበር ወንድሜ፤ ግን እዚያ ውሃ ይቆራረጣል፤ እንግዶቹ እንዴት ይሆናሉ?» አለኝ። ለካስ ግብዓቱ ከጥንትም ተወስዶ ኖሯል። ስለ ውሃ እጦት የሚመከረው ውሃ ባለበት ነው፤ ስለ ረኀብ በቡፌ፣ ስለ ሩቅ መንገድ ከአየር ማረፊያ ቅርብ።

አሁን ወደ ሰዋስው ልግባ፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ምሥጢር ያለው እዚያ ነው። ግዕዝ ግሱን ፊት ማስቀደም ይወድ ነበር። አማርኛ ግን ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ልማድ የወረስነው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ከአገው ጎረቤቶቻችን እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ከጻፉ ቆዩ። አያችሁት ነገሩን? ኽምጣኛ አዳራሹ ውስጥ ቦታ ያጣው፣ የዓረፍተ ነገራችንን አጥንት ካበጁልን ቋንቋዎች ቤተሰብ ወጥቶ ነው። እማማ ባይናገሩም፣ ተናጋሪው ሁሉ አፉን በከፈተ ቁጥር በሳቸው ወገን ሥርዓት ነው ሲናገር የዋለው። እውነተኛ አካታችነት ማለት ይህ ነው፤ አካታቹ ሳያውቀው የተደረገ።

ውለታው ግን መዘዝ አለው። ግስ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት ቋንቋ ለስብሰባ ሰው ገነት ነው። «ሰቆጣን» ብለህ ትጀምራለህ፤ «በሁለንተናዊ መልኩ» ትላለህ፤ «ባለድርሻ አካላትን በማቀናጀት» ትላለህ፤ «ሴቶችን፣ ወጣቶችንና አካል ጉዳተኞችን ባካተተ ሁኔታ» ትላለህ። ያቺ «ሰቆጣን» ላይ የተንጠለጠለች «ን» አፏን ከፍታ ግስ ትጠብቃለች፤ ምን ልትሆን ነው? ትረዳ ነው? ትጠየቅ ነው? ትቀመጥ ነው? ግሱ ጋ ሳትደርስ ሻይ ይደርሳል። ከሻይ ስትመለስ አዲስ ዓረፍተ ነገር ነው።

ግሱን የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት ሁለት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሚዛኑን ይዘው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ በእናቶቹ ቋንቋ «አጥቢ፣ ቀቅዪ፣ ለኪ» የሚሉት። እነሱ ሲናገሩ ግስ ብቻ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ሲያርስ፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም ድርቁ ሳህላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ሲመታ፣ የእነሱ ሥራ ተሰናክሎ ይሆናል። የእኛ እውቅና ግን አንድ ቀን እንኳ አልተስተጓጎለም። ድርቅ የማይነካው ሰብል እሱ ብቻ ነው።

ነቃፊ ብቻ ነው እንዳልባል ገንቢ ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለስሟ ኪራይ ይከፈላት። ስሟ በተጻፈበት ባነር፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ቁጥር ልክ አንድ አንድ ጀሪካን ውሃ ወደ ሰቆጣ ይላክ፤ በአንድ ዓመት ተከዜን እንተካለን። ሁለተኛ፣ የሆቴሉ አስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ኽምጣኛ ይግባ፤ ሾፌሩም ያርፋል፣ መኪናውም ጠባቂ ያገኛል። ሦስተኛ፣ በጀቱ ሲጸድቅ እማማ ከመሪው አጠገብ ይቀመጡ፤ የብር ወንበር አላልኩም፣ ባለ መደገፊያ ይበቃል። አራተኛ፣ ፕሮጀክቱ ሲገመገም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ሰለጠነ?» መሆኑ ቀርቶ «ካሮቱ ታጠበ ወይ?» ይሁን። ከነዚህ አንዱም ተግባራዊ እንዲሆን አልጠይቅም። ተግባር ግስ ነው፤ ሰዓቱም አልቋል።

ይልቅ እስከዚያው ድረስ ለቀጣዩ ጉባኤ መክፈቻ የሚሆን የእውቅና ቃል በነፃ አርቅቄላችኋለሁ። ኽን አስገብቻለሁ። ከአንገት በላይ እንዲነበብ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ትንፋሽ አያስጨርስም፤

«እኛ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብን የዋግ ኽምራ ወዳጆች፣ ስሟን የተዋስናትን ሰቆጣን፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ በገዛ ተራራዋ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከመድረኩ፣ ለእናቶቿ ውሃውን፣ ለልጆቿ ቁመቱን፣ እስከ ፈረንጆቹ 2030 ድረስ፣»

ግሱን እማማ ይሙሉልን ብዬ ክፍት ትቼዋለሁ። እሳቸው ደግሞ አልተጠሩም።